ከበትሩ በፊት ጥናት

«እባብ ግደል፣ ከነበትሩ ገደል» እየተባልን አደግን። ለመሆኑ ሳያጠኑ መግደል ያዋጣል ወይ?

በአሜሪካ ፍሎሪዳ፣ ከእስያ የመጣው የበርማ ዘንዶ የዱር አራዊቱን እየፈጀ አስቸግሯል። ተመራማሪዎቹ ግን ዱላ ይዘው በጭፍን አልሮጡም። ወንዱን ዘንዶ አደንዝዘው፣ በቀዶ ጥገና ትንሽ የሬዲዮ ማሰራጫ ሰውነቱ ውስጥ ቀብረው ለቀቁት። በመራቢያ ወራት እሱ ሴቷን ሲፈልግ እነሱ በአንቴና ይከተሉታል። እ.ኤ.አ. በ2021 በዚሁ ዘዴ 98 ኪሎ ያህል የምትመዝን፣ 122 እንቁላል የቋጠረች ዘንዶ ተያዘች!

እንግዲህ ሊያጠፉት የሚሹት እንኳ አስቀድሞ ይጠናል። እኛስ? ያየነውን ሁሉ በአንድ በትር! አይጥ የሚለቅመውን እባብ ከመርዘኛው ያልለየ ሰው የጎተራውን ዘበኛ ይገድላል። ነገ ገጠር ስንመደብ፣ ተማሪዎቻችን ከሩቅ ሆነው የት እንደሚውል፣ ምን እንደሚበላ እንዲመዘግቡ እናስተምር። ሬዲዮው ባይኖረን ደብተርና እርሳስ አናጣም!