ሽቦው ሳይለካ ዕቃ አይለወጥ



በዚህ ዓምድ ስለ መንገድ፣ ስለ ውሃና ስለ ትምህርት ብዙ ሰዎች አሳባቸውን ሲገልጡ አነባለሁ። እኔ የማነሣው ጉዳይ ከነዚያ ጋር ሲተያይ ትንሽ ይመስላል፤ ይኸውም ስለ አሮጌ ኤክስካቫተርና በሞኒተሩ ላይ ብቅ ስለሚለው የብልሽት ቁጥር ነው። የፊዚክስ መምህር በኤክስካቫተር ምን አገባው የሚለኝ አንባቢ ቢኖር ታግሦ እንዲያነብልኝ እለምናለሁ።

ከአዳማ ተነሥቶ በሞጆ፣ በመቂና በባቱ አልፎ እስከ ሻሸመኔ የሚመላለስ ሰው እንደሚያየው፣ ገረጋንቲ የሚጭነውና መሠረት የሚቆፍረው ኤክስካቫተር ብዙ ነው። ከእነዚህም ውስጥ በሌላ አገር ሲያገለግል ኖሮ የመጣው ጥቂት አይደለም። ሥራው መልካም ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን ገዢው አብዛኛውን ጊዜ ባለጠጋ አይደለም።

ጎረቤቴ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ሆነው ቤታቸውን አስይዘው በብድር አንድ ኤክስካቫተር ገዙ። በአራተኛው ወር የማስጠንቀቂያው መብራት በርቶ አልጠፋ አለ። ኮምፒዩተር የያዘ ባለሙያ ከሌላ ከተማ ተጠርቶ መጣና 110 የሚል ቁጥር አነበበ። 110 ማለት የሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ ሙቀት ነው፤ ይህ ትክክል ነው። ባለሙያውም «ሞተሩ ይግላል፤ እንዳታስነሡት» ብሎ ራዲያተሩን አሳጠበ፣ ቴርሞስታቱን አስለወጠ፣ በመጨረሻም ሴንሰሩን አስለወጠ። ዋጋውን ተቀብሎ ሄደ። መብራቱ ግን እንደ በራ ቀረ። አሥራ አንድ ቀን መኪናው ቆሞ ዋለ፤ ባንኩ ግን አንድም ቀን አልቆመም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከ110 ቀጥሎ ሌላ ትንሽ ቁጥር ነበረ፤ እሱም 3 ነው። የአሜሪካ የተሽከርካሪ መሐንዲሶች ማኅበር ባወጣው ጄ1939 በሚባለው ደንብ መሠረት የመጀመሪያው ቁጥር የትኛው ክፍል እንደ ሆነ ይናገራል፤ ሁለተኛው ግን ምን ዐይነት ጉድለት እንደ ታየ ይናገራል። 0 ቢሆን ኖሮ ውሃው በእርግጥ ከልክ በላይ ሞቋል ማለት ነበር። 3 ግን የሚናገረው ስለ ሙቀት አይደለም፤ ከሴንሰሩ የሚመጣው ቮልት ከተገቢው በላይ ሆነ ማለት ነው። 4 ሲሆን ቮልቱ ከተገቢው አነሰ ማለት ነው።

ይህ የሙቀት ሴንሰር ሲሞቅ ሬዚስታንሱ የሚቀንስ ዕቃ ነው። ኮምፒዩተሩ 5 ቮልት ይልክና ምን ያህሉ እንደ ቀረ ይለካል። ሲሞቅ ቮልቱ ይወርዳል። ሽቦው የተበጠሰ እንደ ሆነ ግን የሚያልፍ ኤሌክትሪክ ስለሌለ 5 ቮልቱ እንዳለ ይቀራል፤ ኮምፒዩተሩም «ቮልት በዛ» ብሎ 3ን ይጽፋል። እንግዲህ ባለሙያው «ሽቦዬ ተበጥሷል» የሚለውን ጩኸት «ሞቀኝ» ብሎ ሰማው ማለት ነው።

ይህንን ያገኘው ቀድሞ ያስተማርሁት አንድ ወጣት መካኒክ ነው። የያዘው ፒንሳ፣ ካቻቪቴና አንድ ርካሽ ቴስተር ብቻ ነበር። የሴንሰሩን ሶኬት ነቅሎ ሁለቱን ቀዳዳዎች በቁራጭ ሽቦ አገናኘ። ሽቦው ደኅና ቢሆን ቁጥሩ ከ3 ወደ 4 መለወጥ ነበረበት፤ አልተለወጠም። ስለዚህ ሽቦውን እየተከተለ ሄዶ ከሞተሩ በስተኋላ ማሰሪያው ወልቆ ብረት እየፋቀው የተበጠሰውን ቦታ አገኘ። «አባባ፣ ሞተሩስ ደኅና ነው፤ የተበጠሰው ወሬ የሚያመጣለት ሽቦ ነው» አላቸው። የፈጀው አንድ ክንድ የማይሞላ ሽቦ ነው። (ይህ ማገናኘት ሁለት ሽቦ ላለው የሙቀት ሴንሰር ነው እንጂ ሦስት ሽቦ ያለውን እንዲሁ በድፍረት የሚነካ ሰው ሌላ ጉዳት ያመጣል።)

ባለሙያዎች ሁሉ አታላዮች ናቸው አልልም። የዚያኛውም ጥፋት ከተንኰል ይልቅ ካለማወቅ የመጣ ይመስለኛል። አባቶቻችን መካኒኮች ሞተርን በጆሮአቸው እያዳመጡ በሽታውን ያውቁ ነበር፤ ዛሬ ግን በሁለት የተጠማዘዙ ሽቦዎች የሚነጋገሩ ኮምፒዩተሮች መጥተዋል። እነዚህን ሽቦዎች ባትሪው ተፈትቶ በቴስተር የለካቸው ሰው 60 ኦም ያገኛል፤ በሁለቱ ጫፍ ባለ 120 ኦም ሬዚስተር አለና። 120 ካገኘ አንደኛው ጫፍ ተቋርጧል። ይህ እኔ በየዓመቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የማሠራው የፓራለል ሒሳብ ነው! ተማሪዎቼ ሒሳቡን ይሠሩታል፤ ቴስተር በእጃቸው ይዘው የሚያውቁት ግን ከስንት አንድ ናቸው። እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር ጄኔሬተሩን የሚጠብቁት አስተማሪያችን ሳንለካ የፈታን እንደ ሆነ ይቀጡን ነበር። ያን ጊዜ አዝንባቸው ነበር።

ለገዢዎችም አንድ ነገር ልናገር። ሻጭ መኪናውን ከማሳየቱ በፊት የብልሽቱን መዝገብ ሊያስጠፋ ይችላል፤ ስለዚህ ባዶ መዝገብ የጤንነት ምስክር አይደለም። መኪናው ግማሽ ቀን ከባድ ሥራ ሠርቶ ከጋለ በኋላ እንደ ገና ይነበብ። ኮማትሱ ያለፈውን መዝገብ በራሱ ሞኒተር ላይ ያሳያል፤ ለካተርፒላር ኤሌክትሮኒክ ቴክኒሽያን የሚባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም አለ። ብዙ ቁጥር ባንድ ጊዜ የታየ እንደ ሆነ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ ባትሪውና ከሻሲው ጋር የሚታሰረው ሽቦ ይታይ። ማንም ባለሙያ «ይህ ዕቃ ይለወጥ» ሲል፣ የለካውን ቮልትና ኦም በወረቀት ላይ ጽፎ እንዲሰጥ ባለቤቱ ይጠይቅ። የለካ ሰው መጻፍ አይከብደውም።

መካኒኮቻችን መጽሐፉ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው ብለው የሚያሰሙት ቅሬታ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ያ ሁለተኛው ቁጥር ከ0 እስከ 31 ብቻ ስለሆነ ትርጉሙ በአንድ ገጽ ተጽፎ በየጋራዡ ግድግዳ ላይ ሊለጠፍ ይችላል። የሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጆች ይህንን ቢያትሙ ወጪው የወረቀት ነው። እስከዚያው እኔ የአማርኛውን ጀምሬአለሁ፤ አንድ የሥራ ባልደረባዬም በአፋን ኦሮሞ ሊያዘጋጅልኝ ተስማምቷል። የቀድሞው ተማሪዬ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ያርመናል። 12ኛውና 13ኛው ላይ ግን በትርጉም ተከራክረን አልተስማማንም፤ ይህንን የሚያውቅ አንባቢ በዚሁ ዓምድ ቢጽፍልን ደስ ይለናል።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዳማ