የእንግሊዝ ከተሞች ስም፦ አፍ ሮጠ፣ ብዕር ቆመ

ፕሪሚየር ሊግን የሚከታተል ሁሉ ሌስተር ሲቲን ያውቀዋል፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ዋንጫ ያነሳ ክለብ ነው። የከተማዋን ስም ግን ፊደል በፊደል ያነበበ ሰው «ሌይሴስተር» ቢል አይፈረድበትም፤ የተጻፈው እንዲያ ነውና። «ዎርሴስተር» ተብሎ ተጽፎ «ዉስተር» ይባላል። «ሳውዝዋርክ» የተባለው የለንደን ክፍል ሲጠራ «ሰዘክ» ነው።

ነገሩ ተንኮል የለበትም፤ ታሪክ ነው። «ሴስተር» የሚለው ቅጥያ «ካስትራ» ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ሲሆን ትርጉሙም የጦር ሰፈር ነው። ሕዝቡ ስሞቹን በየቀኑ ሲጠራቸው እየተሸራረፉ አጠሩ። ዊልያም ካክስተን በ1476 እ.ኤ.አ. ገደማ የኅትመት መሣሪያውን ዌስትሚኒስተር ከተከለ በኋላ ግን አጻጻፉ ቀስ በቀስ እየረጋ ሄደ። አፍ ሮጠ፣ ብዕር ቆመ።

ችግሩ ይህ የታሪክ ትራፊ የሰው መመዘኛ ሲሆን ነው። እንግሊዝ የገባ ስደተኛ ባቡር ጣቢያ ላይ የከተማውን ስም እንደተጻፈው ጠርቶ ቢሳቅበት፣ ጥፋቱ በትክክል ማንበቡ ብቻ ነው። የሽሩስበሪ ነዋሪዎች እንኳ «ሽሮውዝበሪ» ወይስ «ሽሩዝበሪ» በሚለው እስካሁን አልተስማሙም። ሰውን በአነጋገሩ መለየት ደግሞ በሳቅ ላያበቃ ይችላል። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12፣ «ሺቦሌት» በል ተብሎ «ሲቦሌት» ያለ ኤፍሬማዊ በዮርዳኖስ መሻገሪያ ይታረድ ነበር።

ለአማርኛ ጸሐፊዎችና ጋዜጠኞችም ድርሻ አለ። ፊደሉ ድምፅ የሚጽፍ ሆኖ ሳለ፣ የእንግሊዝኛን ዝምተኛ ፊደላት ተሸክሞ የሚዞርበት ምክንያት የለም። በ1884 እ.ኤ.አ. የዋሽንግተኑ ጉባኤ የኬንትሮስ መነሻ እንዲሆን የመረጠው ቦታ በአማርኛ «ግሪንዊች» እየተባለ ይጻፋል፤ ባለቤቶቹ ግን «ግሬኒች» ይሉታል። አዲስ ስም ሲመጣ ከጽሑፉ መገልበጥ ሳይሆን ነዋሪው ሲጠራው ሰምቶ መጻፍ ይሻላል።

በእርግጥ አማርኛም ንጹሕ አይደለም። «ገና» የሚለው ቃል ሲላላ «እስካሁን»፣ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው፤ ፊደሉ ግን ልዩነቱን አያሳይም። አማርኛ ለማጁ የውጭ ሰው እዚህ ላይ ሲሳሳት በትዕግሥት የሚያርመው ሰው ያስፈልገዋል። በእንግሊዝ ባቡር ጣቢያ ለቆመው ስደተኛም የሚገባው ይኸው ነው።