ግፊት ወይስ ስፋት?

የአንጎል ደም ቅዳ ቧንቧ ፈንድቶ ደም በአንጎል ሽፋን ሥር ከፈሰሰ በኋላ፣ በተለይ ከ4ኛው እስከ 14ኛው ቀን፣ ቧንቧዎች ይጠብቡና አንጎል ደም ሊያጥረው ይችላል። ሐኪሞች ያን ጊዜ የሕመምተኛውን የደም ግፊት ሆን ብለው በመድኃኒት ከፍ ያደርጋሉ።

እኛ ፊዚክስ የምናስተምረው ግን የፑዋዜይን ሕግ እናስታውሳለን። ፍሰት ከግፊት ልዩነት ጋር በቀጥታ፣ ከሬዲየስ ጋር ግን በ4ኛ ርቢ ይለዋወጣል። ሬዲየሱ በ10 በመቶ ብቻ ቢቀንስ፣ የቀድሞውን ፍሰት ለመመለስ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ግፊት ያስፈልጋል፤ በግማሽ ቢቀንስ 16 እጥፍ! (ደም ውኃ፣ ቧንቧውም ብረት አለመሆኑን አንዘነጋም።)

በሆላንድ የተመራው ሂማላያ የተባለ ሙከራ 41 ሕመምተኞችን ብቻ አሳትፎ ያለጊዜው ተቋረጠ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ውጤቱ ግፊት መጨመር ፍሰትን ለማሻሻሉ ማስረጃ አላገኘም፤ ከባድ ጉዳት ግን በዝቶ ታይቷል። ልማድ ሆኖ የቆየው ይህ ሕክምና በሰፊ ሙከራ ሊፈተን ይገባል እንላለን።