ከመካነ ሰላም እስከ ችሎት፦ ልጆቻችንን ለሕግ ትምህርት ማን ያዘጋጃቸው?

በ2017 ጥር ወር የአክሱም ሙስሊም ሴት ተማሪዎች በሒጃባቸው ምክንያት ለ12ኛ ክፍል ፈተና ከመመዝገብ መከልከላቸው ሁላችንንም አሳዝኖናል፤ አንገብግቦናልም። መግለጫ ወጥቷል፣ ሰልፍ ተወጥቷል፣ ዱዓ ተደርጓል። ጉዳዩ ችሎት ፊት የቀረበው ግን የትግራይ እስልምና ጉዳዮች ከፍተኛ ምክር ቤት ክስ በመመሥረቱ ነው። የአክሱም ፍርድ ቤትም ክልከላው ለጊዜው እንዲታገድ አዘዘ። ትእዛዙ ብቻውን ሁሉን ነገር አልፈታም። ቢሆንም አንድ ነገር አሳይቶናል። በዚያች ሰዓት አቤቱታ የሚጽፍ፣ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ የሚጠቅስ፣ የትኛው ፍርድ ቤት ሥልጣን እንዳለው የሚያውቅ ሰው ባይኖር ኖሮ ለቅሷችን ከመግለጫ አያልፍም ነበር።

ይህን ሰው ከየት እናመጣለን? ጥያቄውን ወደ አንድ አካባቢ ወስደን እንመልከተው፤ ወደ ምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ። መካነ ሰላም፣ ለጋምቦ፣ ከላላ፣ ወግዲ፣ መሐል ሳይንት። አካባቢው የመሻይኾች አገር ነው። የገበሬ ልጅ ከብት እየጠበቀ ፊቅህ የሚያጠናበት አገር ነው። ዛሬ ከዚህ አካባቢ ተነስቶ ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግ ወይም ጠበቃ መሆን የሚመኝ ልጅ መንገዱን የሚያሳየው አለው ወይ? በእኛ ግምት ችግሩ የልጆቹ አእምሮ አይደለም፤ መንገዱን ቀድሞ የሄደ ሰው አጠገባቸው አለመኖሩ ነው።

ብዙ ወላጆች የሕግ ትምህርት አንድ በር ብቻ ያለው ይመስላቸዋል፤ እሱም የ12ኛ ክፍል ፈተና። በሩ ግን አራት ነው።

የመጀመሪያው በር የሚከፈተው ወይም የሚዘጋው ልጁ 11ኛ ክፍል ሲገባ ነው፤ ተፈጥሮ ሳይንስ ወይስ ማኅበራዊ ሳይንስ? ሕግ በአብዛኛው የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች መንገድ ነው። በየገጠሩ ግን «ጎበዝ ከሆንክ ተፈጥሮ ሳይንስ ግባ» የሚለው ምክር እንደ ሕግ ይሠራል። ለክርክር፣ ለንባብና ለማገናዘብ የተፈጠረው ልጅ ያለ ፍላጎቱ ፊዚክስ ሲታገል ይከርማል።

ሁለተኛው ብሔራዊ ፈተናው ነው። ከ2014 ጀምሮ ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ሲጀምር እውነተኛው መልካችን ታየ። በዚያ ዓመት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 ከመቶ ሆኑ። መሻሻል አለ፤ ነገር ግን አሁንም ከ10 ተፈታኞች 9ኙ ማለፊያውን አላገኙም። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ ከፊሉ ተፈታኝ በኮምፒውተር ይፈተናል። ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ የከላላ ልጅ ጥያቄውን እያወቀው በማውሱ ሊሸነፍ ይችላል።

ሦስተኛው በር ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ ያለው ነው። ተማሪው የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ኮርሶችን ይወስድና በምርጫውና በውጤቱ ይመደባል። «ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ አልሐምዱሊላህ» ብሎ የተዘናጋ ልጅ የሕግ ምርጫው በእነዚያ ጥቂት ወራት ያመልጠዋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል፤ እዚያ መማር የሚፈልግ ይህንንም ቀድሞ ማወቅ አለበት።

አራተኛው የመውጫ ፈተና ነው። ሌሎች የትምህርት ዘርፎች በ2015 ከመጀመራቸው ዓመታት ቀደም ብሎ የሕግ ተማሪዎች ይፈተኑት ነበር። አምስት ዓመት ተምሮ 50 ከመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አይዝም። ጥብቅና ለመቆም ደግሞ ከዚህ በኋላ ፈቃድ ማውጣት አለ።

እንግዲህ አሁን ያለን ዝግጅት ምን ይመስላል? ክረምት ሲመጣ ከዩኒቨርሲቲ የሚመለሱ ወንድሞችና እህቶች በየትምህርት ቤቱና በየመስጂዱ ግቢ የማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣሉ። አላህ ምንዳቸውን ይክፈላቸው። ግን ልብ እንበል፤ ይህ ሁሉ ድካም ሁለተኛው በር ላይ ያበቃል። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ልጁ ብቻውን ነው።

በዚህ ላይ ጦርነቱ አለ። በ2015 ክረምት ግጭቱ ከተቀሰቀሰ ወዲህ በአማራ ክልል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነዋል፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ «ቴሌግራም ግሩፕ እንክፈትላቸው» የሚለው መፍትሔ አዲስ አበባ ላለ ልጅ ይሠራ ይሆናል፤ ለለጋምቦ ልጅ ግን ብቻውን አይበቃም። ለዚህ ደጋ የሚሆነው በወረቀት የሚሠራ፣ በእግር የሚደረስበትና መንገድ ሲዘጋ የማይቆም ዝግጅት ነው።

እንዲህ ያለውን ሥርዓት ከውጭ መዋስ አያስፈልገንም። የወሎ ቂርአት ቤት በዚሁ መንገድ ነው የኖረው። ሸኹ ሁሉንም ደረሳ ብቻቸውን አያቀሩም፤ ኪታቡን የጨረሰው ለጀማሪው ያቀራል፣ ጀማሪው ነገ በተራው ሌላውን ያቀራል። የሕግ ዝግጅቱም እንዲሁ ይሁን። አምስተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ የአንደኛ ዓመቱን ይያዝ፣ የአንደኛ ዓመቱ የ12ኛ ክፍሉን፣ የ12ኛ ክፍሉ የ10ኛውን። አንዱ ለሁለት ወይም ለሦስት ልጅ ቢበቃ ሰንሰለቱ አይበጠስም።

ምን ያጥኑ? ዋናው ግድግዳ እንግሊዝኛ ነው። ፈተናውም የዩኒቨርሲቲው ትምህርትም በእንግሊዝኛ ነው። ለዚህ ውድ መጽሐፍ አያስፈልግም፤ ነጋሪት ጋዜጣ አለ። የፌዴራል ሕጎች በአንድ ገጽ ላይ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ይታተማሉ። ልጁ የሕገ መንግሥቱን አንድ አንቀጽ በአማርኛው ያንብብ፣ እንግሊዝኛውን በወረቀት ሸፍኖ ራሱ ይተርጉም፣ ከዚያ ገልጦ ያስተያይ። በቀን አንድ አንቀጽ ቢይዝ የሁለት ዓመት ዝግጅት ቋንቋውንም ሕጉንም ያስጨብጠዋል። የወሎ ልጅ አማርኛው ደግሞ ቀላል ሀብት አይደለም፤ የፌዴራል ሕግ ትርጉም ሲያከራክር የመጨረሻው ቃል የአማርኛው ነው።

ከቂርአት ቤት የመጣ ልጅም ባዶ እጁን አይመጣም። ፈራኢድ ያጠና ልጅ ውርስ ሲያካፍል ማስረጃ መለየት፣ ደረጃ ማውጣትና ማስላት ለምዷል። ይህ ችሎታ ለአገራችን በቀጥታ ያስፈልጋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34(5) በግልና በቤተሰብ ጉዳይ ባለጉዳዮቹ ፈቅደው በሃይማኖት ሕግ መዳኘት እንደሚችሉ ደንግጓል። በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተጠናከሩት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም በጋብቻ፣ በፍቺ፣ በቀለብ፣ በወቅፍና በውርስ ጉዳይ ሲዳኙ ፍሬ ነገሩን በእስልምና ሕግ፣ ሥነ ሥርዓቱን ግን በመደበኛው ሕግ ይመራሉ። ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው ካልተገኘ ሸሪዓው ትክክል ሆኖ ሳለ ጉዳዩ በሥነ ሥርዓት ስህተት ይወድቃል። ተጎጂዋም አብዛኛውን ጊዜ ልጆቿን ይዛ ቀለብ የምትጠይቀው እናት ናት።

ስለዚህ የልጃገረዶቹ ነገር ለብቻው ይታሰብበት። የተፈታች ሴት ገመናዋን ለሴት ጠበቃ መንገር ይቀላታል። ልጇን ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመላክ የምታመነታ እናትም ከማንም ስብከት ይልቅ ሒጃቧን እንደለበሰች ሕግ ተምራ የተመረቀች የአካባቢዋን ልጅ ብታይ ትረጋጋለች። ለሴቶቹ ሴት አማካሪ ይመደብ፤ ለወላጆቻቸውም ጊዜ ይሰጥ።

«ጠበቃ ውሸታም ነው፣ ልጃችንን ለዚህ አንሰጥም» የሚሉ አባቶች አሉ። ሥጋታቸውን አንንቅም። ግን ደጎቹ ስለሸሹት ችሎቱ አይዘጋም፤ ለሌላው ይተዋል እንጂ። «ተመርቀው ሥራ ያጣሉ» የሚለው ሥጋትም እውነት አለው። ስለዚህ አማካሪው ልጁን በተስፋ ብቻ አይሙላው፤ የዳኝነቱን፣ የዐቃቤ ሕግነቱን፣ የጥብቅናውንና የማስተማሩን መንገድ ከነውጣ ውረዱ ይንገረው። ሕግ የማይሆነውን ልጅ «ሌላ ሞክር» ማለትም ምክር ነው።

ማን ይጀምረው? የወረዳ መጅሊሶች ክፍልና ወንበር አላቸው። በዩኒቨርሲቲዎች ያሉ የሙስሊም ተማሪዎች ጀመዓዎች ሰው አላቸው። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢ አለው፤ የክረምት ኮምፒውተር ልምምድ ቢፈቅድ ብዙ ልጅ ይተርፋል። በደሴ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አለ። ከአካባቢው ወጥተው በአዲስ አበባና በውጭ የሚኖሩ የሕግ ባለሙያዎች ደግሞ ቢያንስ አንድ አንድ ልጅ መያዝ አያቅታቸውም። የጎደለው እነዚህን በአንድ መዝገብ የሚያገናኝ አካል ነው፤ የልጁን ስም፣ ክፍሉን፣ አማካሪውንና የደረሰበትን በር የሚጽፍ። ከመዝገብ የሚቀድም በጀት የለም።

አንድ ነገር እንጨምር። በሩ ለክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ልጆችም ክፍት ይሁን። በወሎ ሠርጉም ለቅሶውም የጋራ ነው፤ ነገ በዚያ ችሎት የሚቀመጠው ዳኛ የሁላችንም ዳኛ ነው። ከአጠገባችን አብሮ የተማረ ዳኛ ያውቀናል።

የዛሬው የ10ኛ ክፍል ልጅ ሁሉም በር ቢከፈትለት እንኳ ችሎት ፊት የሚቆመው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። ቀጣዩ የአክሱም ዓይነት ጉዳይ ግን ሰባት ዓመት አይጠብቀንም። በዚህ ክረምት የመካነ ሰላም አንድ መስጂድ አሥር ልጆችን ቢመዘግብ ጀምረናል ማለት ነው። አላህ ያግዘን።