ስለ መኪና ቀለም ልስላሴና ስለ ደብረ ብርሃን አየር

ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በተቀመጠችው በደብረ ብርሃን የሚኖር ባለመኪና፣ ቀለሙ የደበዘዘበትን መኪና በገዛ ግቢው ለመቀባት ባሰበ ቍጥር፣ ልስልስ ያለ ቀለም የሚገኘው 130 ኪሎ ሜትር ወርዶ አዲስ አበባ፣ ባለ ኦቨን ጋራዥ ዘንድ ብቻ ነው የሚል ምክር ይሰማል፤ እኔ ግን ለሥራው ሥርዓት በትዕግሥት የሚገዛ ሰው እዚሁ ደጁ ላይ አሳምሮ ይቀባ ዘንድ ይችላል ባይ ነኝ።

ልስላሴው የሚመጣው ከላይኛው ቀለም ሳይሆን ከሥሩ ነውና። ይህችን ከተማ በቆረቆሩት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን፣ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ስሙ ተጽፎበት የሚገኘውን ሥዕለ ማርያም የሣለው በጥሬ ጣውላ ላይ ሳይሆን አስቀድሞ በነጭ ልባጥ በተዘጋጀ ገጽ ላይ ነበር፤ የመኪናም ላሜራ ይህንኑ ይሻል። ዝገቱ እስከ ጥሬ ብረቱ ይፋቃል፤ ስቱኮው በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ቅርጽ ይዞ በ180 እና በ320 ይለሰልሳል፤ ፕራይመሩም በ600 ቁጥር በውኃ ይታሻል። ወረቀቱን በባዶ እጁ ይዞ የሚፍቅ ሰው በጣቶቹ ልክ ቦይ ስለሚያወጣ፣ በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ይጠቅልለው። በፕራይመሩም ላይ ጥቁር ቀለም አሳስቶ ረጭቶ መልሶ ቢፍቀው፣ ከፍ ያለው ስፍራ ሲገለጥ ጎድጓዳው ጥቁር እንደሆነ ይቀራል፤ ዐይን ያላየው ጉድለት ሁሉ በዚህ ይታወቃል።

ስለ አየሩ ግን አብዝቼ ልናገር እወዳለሁ፤ ብዙ ድካም ከንቱ የሚቀረው በዚህ ነውና። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ የመታው ላሜራ ፀሐይ ከወጣችም በኋላ ቅዝቃዜውን ቶሎ አይለቅም፤ ቲነሩ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ፣ ገጹ ይበልጥ ቀዝቅዞ በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት ጤዛ ሆኖ በርጥቡ ቀለም ላይ ያርፍና ያነጣዋል። በሌላ በኩል በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ከሩብ በላይ ስለሚያንስ፣ ፈጣን ቲነር የገባበት ነጠብጣብ ላሜራው ላይ ደርሶ ሳይዘረጋ ይደርቃል፣ ገጹም ሸካራ ይሆናል። ስለዚህ ዘገምተኛ ቲነር ይመረጥ፤ አቧራ እንዳይነሣ መሬቱ ውኃ ይረጭበት፤ መዳፍ በላሜራው ላይ ሲያርፍ ብርድ የማይሰማው ከሆነ፣ ከሰዓት በኋላ አቧራ የሚያስነሣው ነፋስ ሳይመጣ፣ ረፋዱ ላይ ሥራው ይጀመር። ስስ ቀለም ደጋግሞ ረጭቶ በየመካከሉ ማቆየት፣ አንድ ጊዜ አወፍሮ ከማዝረብረብ ይሻላል፤ የቀረውን እንከን ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ 1500 እና 2000 ቁጥር ወረቀት በውኃ፣ ቀጥሎም ፖሊሽ ያነሡታል።

አንዱን ነገር ብቻ ከግቢ አጥብቄ እከለክላለሁ፤ ይኸውም ማድረቂያ ተጨምሮበት የሚረጨውን ቀለም ነው። ማድረቂያው አይሶሳያኔት የተባለ ኬሚካል ስላለበት፣ የሚተነፍሰውን ሰው ለአስም ያጋልጣል፤ ጨርቅ ወይም ተራ የአፍ መሸፈኛ አያግደውም፤ ሕፃናትና ጎረቤት በሚውሉበት ግቢ መርጨቱ በሰው ሳንባ መጫወት ነው። ይህን ቀለም የፈለገ ሰው፣ ቀለም ቀቢው ንጹሕ አየር በቱቦ እየደረሰው ወደሚሠራበት ጋራዥ መኪናውን ይውሰድ፤ በዚህስ የአዲስ አበባውን መንገድ እኔም እመክራለሁ።