ደሴቲቱ ማን ትባላለች?

ጣና ዳር ተወልዶ ላደገ ሰው ደሴት ማለት ገዳም ማለት ነው። ሰማዩ በጠራ ቀን ከባሕር ዳር ሆኖ ሐይቁን ለተመለከተ፣ ክብራን ገብርኤል በዛፍ ተሸፍኖ ከውኃው ላይ ብቅ ብሎ ይታያል። እናቴ ያንን ደሴት ዕድሜዋን ሙሉ ከዳር ቆማ ስትሳለመው ኖራለች እንጂ አንድም ቀን ረግጣው አታውቅም፤ ሴት አይገባበትምና። እ.ኤ.አ. በ2016 የካቲት ውስጥ፣ በአንድ ግዙፍ የመዝናኛ መርከብ ላይ ሆነን «እማዬ፣ ነገ ጠዋት ደሴት እንወርዳለን» ስላት የሰጠችኝ መልስ ስለዚህ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም።

«አንተ ልጅ፣ እኔን ሴቲቱን ማን ያስገባኛል?»

ስለዚያ አንድ ቀን ላወጋችሁ እወዳለሁ። ከወጉ በኋላ ደግሞ አንድ የምለው ነገር አለኝ።

የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ባለቤቴ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሌሊት ትሠራለች፤ እኔ ቀን ቀን ታክሲ እነዳለሁ። እናቴ መጥታ ልጆቻችንን ማሳደግ ከጀመረች ያን ጊዜ ሦስተኛ ዓመቷ ነበር። ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤት ካልሆነ በቀር ከአፓርታማችን ወጥታ አታውቅም። አምስታችን በአንድ ማዕድ የምንቀርበው በሳምንት አንዴ፣ እሑድ ብቻ ነው። በዚያ ዓመት ከግብር ተመላሽ ትንሽ ገንዘብ ብናገኝ፣ «ዘንድሮ እንኳ እንደ ሰው እንረፍ» ተባባልንና ከፎርት ላውደርዴል በሚነሣ መርከብ ተሳፈርን።

መርከቡ ከባሕሩ ላይ መልሕቁን ጣለ፤ እኛ በትንንሽ ጀልባዎች ወደ ዳር ተወሰድን። የባሕሩ ዳርቻ እንደ ጨረቃ የተቆለመመ ነው። አሸዋው የነጭ ጤፍ ዱቄት ይመስላል። ውኃው ደግሞ ከእግር በታች ያለ ጠጠር እስኪቆጠር ድረስ የጠራ ነው። እናቴ ከጀልባው እንደወረደች ጫማዋን አወለቀች። ሌላውም ሰው ሁሉ አውልቆ ስለነበር ማንም ልብ አላላትም፤ እኔ ግን ለምን እንዳወለቀች አውቄያለሁ።

ስለ ቀኑ የማቀርበው ስሞታ የለኝም። አስተናጋጆቹ ደጎች ነበሩ፤ ምግቡም የተትረፈረፈ። ልጆቼ ጣታቸው እስኪጨማደድ ከውኃው አልወጡም። ባለቤቴ በሁለት ዛፎች መሐል በተወጠረ፣ ሃሞክ በሚሉት የመረብ አልጋ ላይ ጋደም አለችና ሦስት ሰዓት ሙሉ ተኛች። የማንቂያ ደወል ሳይጮኽባት በቀን ብርሃን ስትተኛ ያየኋት ከስንት ዓመት በኋላ እንደሆነ ብትጠይቁኝ ቆጥሬ አልዘልቀውም። ከዛፉ ሥር ተቀምጬ ፊቷን እያየሁ ዋልኩ።

ዕረፍት ያጣችው እናቴ ናት። ነጠላዋን አጣፍታ ወዲህና ወዲያ ትላለች። በመጨረሻ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና፣

«የሰው አገር ገብተን፣ በልተን ጠጥተን፣ ባለቤቱን ‹እንደምን ዋላችሁ› ሳንል ልንሄድ ነው?» አለችኝ።

«ባለቤቱ እኮ ኩባንያው ነው፣ እማዬ።»

«ኩባንያ ሰው ነው እንዴ?»

መልስ አልነበረኝም። ይዣት ዞርኩ። የተሰበረ የባሕር ወንበዴዎች መርከብ መስሎ የተሠራ መጠጥ ቤት አየን። «እዚህ መርከብ ተሰብሮ ነበር?» ብትለኝ፣ ለማስመሰል የተሠራ ነው አልኳት። ትንሽ የጸሎት ቤት አየን። «ታቦቱስ?» ብትለኝ፣ ለሠርገኞች የተሠራ ነው አልኳት። እንዲህ እያልን ሴቶች የሰሌን ኮፍያና ቦርሳ ወደሚሸጡበት ጥግ ደረስን።

እዚያ ግን እናቴ ወዳጅ አገኘች። ከአንዲት በዕድሜ ከገፉ ሴት ፊት ቁጢጥ ብላ ቦርሳውን አገላብጣ አየች፤ ስፌቱን በጣቷ ተከትላ አነሣሡን ፈለገች። ወጣትነቷን ስንደዶ ስትሰፋ ያሳለፈች ሴት ናት። ሁለቱ ባለሙያዎች ያለ አስተርጓሚ ብዙ ተግባቡ። ከዚያ በኋላ ነው የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጄ የተጠራችው።

«እዚህ ነው ወይ የተወለዱት? በያቸው።»

ሴትየዋ ሳቁ። እዚህ የተወለደ ሰው የለም፤ እኔ ከጎረቤት ከካት አይላንድ ነኝ አሉ። ታዲያ ደሴቲቱ ማን ትባላለች? ተባሉ። በመግቢያው ላይ የተጻፈውን ስም ጠሩ፤ ሃፍ ሙን ኬይ፣ ግማሽ ጨረቃ እንደማለት። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ ሳያደርጉ፣ እንዲያውም ደስ እያላቸው፣ «አባቴ ግን ለዓሣ ሲመጣ ሊትል ሳን ሳልቫዶር ነበር የሚላት» አሉ።

ልጄ በትምህርት ቤት ስፓኒሽ ትማራለች። «ሳልቫዶር ማለት የሚያድን፣ አዳኝ ማለት ነው፣ እማማ» አለቻት። «ሳን ደግሞ ቅዱስ።»

እናቴ ቀጥ ብላ ተነሣች። «መድኃኔዓለም ነዋ! ትንሹ መድኃኔዓለም!» አለችና ፊቷን ሦስት ጊዜ አማተበች። ተመልሳ ሄዳም የዚያን የሠርገኞች ጸሎት ቤት መቃን ተሳለመች። ከዚያ በኋላ እግሯን ዘርግታ አሸዋው ላይ ተቀመጠች፤ እስከ ማታም አልተነሣችም። ለካ ሴትየዋን ዕረፍት የነሳት የቦታው ስም ነበር።

ወጉ ይኸው ነው። አሁን ወደምለው ልምጣ።

ወደ ቤት ከተመለስን በኋላ ስለዚያች ደሴት አነበብኩ። ከባሃማስ 700 ከሚደርሱ ደሴቶች አንዷ ናት፤ በኤሉተራና በካት አይላንድ መካከል ትገኛለች፤ ስፋቷ 2,400 ኤከር ገደማ ነው። የመርከብ ኩባንያው የገዛት በ1996 ሲሆን ስሟም ከዚያ በኋላ ተለወጠ። እርሷ ብቻም አይደለችም። ለመርከብ መንገደኞች ብቻ የተከለለ ደሴት የመያዝ ልማድ የተጀመረው በ1977 ግሬት ስተራፕ ኬይ ላይ ነው። አጠገቧ ያለችው ሊትል ስተራፕ ኬይ በኋላ ኮኮኬይ ተባለች። ጎርዳ ኬይ ደግሞ በ1998 ካስታዌይ ኬይ ተብላ ተከፈተች፤ መርከብ ተሰብሮበት ባሕር የተፋው ሰው ደሴት እንደማለት። እርግጥ ነገሩ የራሱ ስሌት አለው። በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ የባዕድ ባንዲራ የሚያውለበልብ መርከብ መንገደኛ ጭኖ ካንድ የአሜሪካ ወደብ ተነሥቶ ወደዚያው ሲመለስ በመሐል የውጭ ወደብ እንዲነካ ያስገድዳል። ባሃማስ ደግሞ ለፍሎሪዳ ቅርብ ናት። የሚነካው ወደብ የራስ ከሆነማ መንገደኛው የሚያወጣው ገንዘብ ሩቅ አይሄድም።

«ቢሆንስ? ደሴቶቹ እንደሆኑ ሰው አልኖረባቸውም፤ ማንም አልተፈናቀለም፤ ለአካባቢው ሰው ሥራ ተገኘ» የሚል አይጠፋም። እውነት አለው። ያቺ ሰሌን ሰፊ የምትሸጥበት ገበያ ያገኘችው በመርከቡ ነው። ነገር ግን ደሴቶቹ ባዶ የሆኑት እንዴት ነው? ኮሎምበስ በጥቅምት 1492 መጀመሪያ የረገጠው መሬት በእነዚሁ ደሴቶች ውስጥ ነበር። ሰዎቹ ሉካያውያን ይባላሉ። ያችን ደሴታቸውን ጓናሃኒ ይሏት ነበር፤ እርሱ ሳን ሳልቫዶር አላት። በሠላሳ ዓመት ጊዜ ውስጥ ሉካያውያን በባርነት እየተጋዙ፣ ገሚሱ ሂስፓኒዮላ ወርቅ ሲቆፍር፣ ገሚሱ ለዕንቁ ባሕር ሲጠልቅ አለቀ። ዛሬ ጓናሃኒ ከደሴቶቹ የትኛዋ እንደነበረች እንኳ ሊቃውንቱ አልተስማሙም።

እንግዲህ እናቴን ያሳረፋት ስም ራሱ በሌላ ስም ላይ የተደረበ ነበር ማለት ነው። ይህን ባነበብኩ ማታ ብዙ አሰብኩ። የመድኃኔዓለም ስም ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ከሥሩ የነበረውን የሚናገር ሰው ስለጠፋ እንጂ። ከዚያ ሁሉ የቀረ ነገር ቢኖር ቃል ነው። ሃሞክ የሚለው ቃል በስፓኒሽ በኩል አልፎ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ሉካያውያን ዘመዶቻቸው ከሚሆኑት ከታይኖዎች ቋንቋ ነው። ባለቤቴ ያን ቀን ሦስት ሰዓት የተኛችው በእነርሱ አልጋ ላይ ነበር።

እኛ ሥነ ጽሑፍ ወዳዶችም ከዚህ ነገር ንጹሓን አይደለንም። ሰው አልባ ደሴትን እንድንናፍቅ ያስተማረን መጽሐፍ ነው። ሮቢንሰን ክሩሶ በ1719 ከታተመ ጀምሮ ስንቱ አንባቢ በዚያ አሸዋ ላይ ብቻውን ተንሸራሽሯል! እኔም በልጅነቴ ከክሩሶ ጋር ጎጆ ቀልሻለሁ፤ ፍየል አርብቻለሁ፤ በአሸዋው ላይ የታየው የሰው ዱካ አስደንግጦኛል። ክሩሶ ያዳነውን ሰው «አርብ» ብሎ እንደጠራው አስታውሳለሁ። ያ ሰው ግን የእናቱን ቤት ስም ይዞ ነው የመጣው፤ ክሩሶ አልጠየቀውም። ብሶ የሚያሳፍረኝ እኔም አለመጠየቄ ነው። መጽሐፉን ሁለት ጊዜ አንብቤ ጨርሼ የዚያ ሰው እውነተኛ ስም ማን ይሆን ብዬ አላውቅም። ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ ግን በአንድ ቀን ጠየቀች።

የስም ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። ናዝሬት ወይስ አዳማ፣ ደብረ ዘይት ወይስ ቢሾፍቱ ብለን የምንነታረክ፣ ሰው ከአፉ ባወጣው የከተማ ስም ወገኑን የምንለይ ሕዝብ ነን። በዚያ ክርክር ማን ይርታ አልልም፤ የዛሬ ጉዳዬም አይደለም። ግን አንድ ነገር እንመሰክራለን፤ ስም ሲለወጥ የሚለወጠው ሰሌዳው ብቻ እንዳልሆነ በራሳችን ደርሶ አይተነዋል። በራሳችን ሲሆን የሚያንገበግበን ነገር በሌላው አገር ሲሆን ጌጥ ሊመስለን አይገባም።

ታዲያ አንሂድ ነው የምትለው? የሚለኝ ይኖራል። አይደለም። ሌሊት ሠርታ ለማትተኛ ሴት ያንን እንቅልፍ የሚነፍግ ፍርድ ከእኔ አይወጣም፤ ነገም ገንዘቡ ከተገኘ እሄዳለሁ። የምለው ስንሄድ እንደ እንግዳ እንሂድ ነው። ደንበኛ ከፍሏልና የሚጠይቀው ዋጋ ብቻ ነው። እንግዳ ግን ቢከፍልም ባይከፍልም «ቤቶች!» ብሎ ይገባል፤ የባለቤቱን ስም ይጠይቃል፤ ሲወጣ ይመርቃል። ባለቤቱ ከሌለ ደግሞ የት እንደሄደ ይጠይቃል። ኩባንያው በመግቢያው ላይ ሁለት መስመር ቢጽፍ፣ ይህች ደሴት ቀድሞ ይህን ትባል ነበር፤ ከዚያም በፊት ሉካያውያን የሚባሉ ሰዎች በዚህ ባሕር ይቀዝፉ ነበር ቢል፣ ከማንም ደስታ ላይ አንዲት ፍሬ አሸዋ አይቀንስም። እርሱ ካልጻፈም ወላጅ ለልጁ ይንገር። ልጅ በሰው አገር አሸዋ ላይ ቤት ሲሠራ የማን አሸዋ እንደሆነ ቢያውቅ ጨዋታው አይበላሽበትም።

እናቴ ወደ ሜሪላንድ እንደተመለሰች ባሕር ዳር ላለች ወዳጇ ስልክ ደውላ፣ «ደሴት ረገጥኩ እኮ፤ ትንሹ መድኃኔዓለም ይባላል፤ ሴት ይገባበታል» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ወር በገባ በ27 ጧፍ ስታበራ የሰፈሯን መድኃኔዓለም ትጠራና «የባሕሩንም» ትላለች። የጓናሃኒን ታሪክ በነገርኳት ጊዜ ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፣ ስማቸውን አስደገመችኝ። «ሉ-ካ-ያ-ው-ያን» አልኳት። አሁን እነርሱንም ትጠራለች።

በቅርቡ በደሴቲቱ ስም ላይ «ሪላክስ አዌይ» የሚል ሌላ ስም እንደተጨመረበት ልጄ ከኢንተርኔት አይታ ነገረቻት። እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «ይሁና፤ የፊተኛውን የሚያውቅ ሰው አላቸው?» ብላ ጠየቀች።