«የሚሰጡኝን መድኃኒት ብቻ»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ አበው። ይህ ብሂል ከየትም ይልቅ የሚሠራው በችሎት ፊት ነው። ክሱ ተነብቦለት «ድርጊቱን ፈጽመሃል ወይስ አልፈጸምክም?» የተባለ ሰው የሚሰጠው መልስ በሕግ ቋንቋችን «የእምነት ክህደት ቃል» ይባላል። ስሙን ልብ በሉልኝ፤ ማመንም መካድም የልቡና ሥራዎች ናቸው። እንግዲህ ልቡናው በመድኃኒት የደነዘዘ ሰው «ጥፋተኛ ነኝ» ቢል፣ ያመነው ማን ነው?

ጥያቄውን ለቃላት ጨዋታ አላነሣሁትም፤ በአሜሪካ የአንድ ሰው ሕይወት ተንጠልጥሎበት ነበር። ሪቻርድ ሞራን እ.ኤ.አ. በኦገስት 1984 በኔቫዳ ግዛት፣ አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎችን ገደለ። ከዘጠኝ ቀን በኋላም የቀድሞ ሚስቱን ገድሎ በራሱ ላይ ተኮሰ፤ ነገር ግን ተረፈ። በመጀመሪያ ክሱን ካደ። ሁለት የአእምሮ ሐኪሞችም መርምረው ለፍርድ መቅረብ ይችላል አሉ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ግን ጠበቆቹን አሰናብቶ ጥፋቱን ሊያምን ተነሣ፤ ቅጣቱን ሊያቀልለት የሚችል ማስረጃ እንዲቀርብ እንኳ አልፈለገም። ዳኛው አደንዛዥ ዕፅ ወይም መጠጥ ወስዶ እንደሆነ ጠየቁት። የሚሰጡኝን መድኃኒት ብቻ ሲል መለሰ። «ምን መድኃኒት?» ያለው አልነበረም። በዚያ ወቅት አራት ዓይነት መድኃኒት ይወስድ ነበር፦ ሁለቱ የሚጥል በሽታ፣ አንዱ የልብ፣ አንዱ ደግሞ የሚያደነዝዝ ማስታገሻ። የእምነት ቃሉ ተመዘገበ፤ ሞትም ተፈረደበት።

እ.ኤ.አ. በ1987 ሞራን ቃሌ ይሰረዝልኝ ብሎ አመለከተ። መድኃኒቱ ስለ ምንም ነገር ደንታ እንዳይኖረኝ አድርጎኝ ነበር አለ። የኔቫዳ ፍርድ ቤት አልተቀበለውም። በ1992 የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ፈረደለት፤ በ1993 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰባት ለሁለት ድምፅ ሻረው። ጥፋትን ለማመን የሚያስፈልገው የአእምሮ ብቃት ለፍርድ ለመቅረብ ከሚያስፈልገው አይበልጥም ተባለ። ዳኛ ብላክመን በልዩነት ሐሳባቸው እነዚያን አራት መድኃኒቶች አስታወሱ። ሞራን በማርች 1996 ተገደለ።

እኔን የሚያሳስበኝ በመቻልና በማድረግ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ማንበብ የሚችል ሁሉ በእጁ ያለውን ደብዳቤ አንብቦታል ማለት አይደለም። ያው ውሳኔ ራሱ ከብቃት ሌላ፣ ቃሉ በማወቅና በፈቃድ የተሰጠ መሆኑን ዳኛው ማረጋገጥ እንዳለበት ያዛል። ታዲያ መድኃኒት እወስዳለሁ ያለውን ሰው ስለ መድኃኒቱ ሳይጠይቁ ማወቁንና መፍቀዱን በምን ያረጋግጧል?

የተቃራኒውን ወገን ክርክር አልንቅም። ሞራን ንጹሕ ሰው አልነበረም፤ ሦስት መቃብር ከኋላው አለ። ደግሞም አእምሮን የሚያጠራ መድኃኒት አለ፤ ክኒን የዋጠ ሁሉ ቃሉ አይታመንም ማለት ሕሙማንን ሁሉ አንደበት መንፈግ ነው። ፍርድም «ያን ጊዜ መድኃኒት ላይ ነበርኩ» በተባለ ቁጥር የሚፈርስ ከሆነ የሟች ቤተሰብ ዕረፍት አያገኝም።

እኔም ጥያቄው በዕለቱ ይጠየቅ የምለው ስለዚህ ነው። ዓመታት ካለፉ በኋላ መድኃኒቱ ከደም ጠፍቷል፣ ትዝታውም ደብዝዟል፤ ለሚመረምረው ዳኛ የሚቀርበው የደረቀ መዝገብ ነው። በሩም ይጠባል፦ በአሜሪካ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ከቅጣት ውሳኔ በፊት «ተገቢና ፍትሐዊ ምክንያት» ያቀረበ ተከሳሽ የእምነት ቃሉን ሊያነሣ ይችላል። ከቅጣቱ በኋላ ግን የሚቀረው ይግባኝ ወይም ፍርዱን በሌላ መንገድ መቃወም ብቻ ነው።

የምንጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ምን መድኃኒት ነው? መቼ ወሰድከው? ምን ያህል? ምን ያደርግሃል? መልሱ ካላጠገበ ችሎቱ ለሌላ ቀን ይቀጠር፣ ሐኪሙም ይጠራ። እኛ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች የአንድን ገጸ ባሕርይ ንግግር እንኳ በምን ሁኔታ ሆኖ እንደተናገረው ሳንመረምር አንተረጉምም። ሞት ለሚያስፈርድ ቃል ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄ ሊደረግለት አይገባም።

ሞራን የተጠየቀውን መልሷል። የጎደለው ተከታዩ ጥያቄ ነበር።